ሰው ሳይወጣ አይኬድም

ፊት ለፊት «እርስዎ» ትባላለች። በሌለችበት ግን ሰፈሩ ሁሉ «እሷ» ነው የሚላት፤ ይህ ወሬ ደግሞ እሷ በሌለችበት የሚወራ ስለሆነ አንቱታውን ለጊዜው ጓዳ እናስቀምጠው። ዩኒፎርም ሰፊ ናት። ቅጽል ስሟ ደወል ነው። ስሙን ያወጣላት ሰው ማንነቱ አይታወቅም፤ ጆሮው የተጎዳ ሰው እንደነበር ግን መገመት ይቻላል።

የምትሰፋው በቤቷ የፊት ክፍል ነው። አንድ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተንጠለጠሉ ሸሚዞች፣ ከጠረጴዛው ሥር የቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር። የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር ያስጠጋሁት ለብርሃን ነው ትላለች። ቤቱን ያየ ሁሉ ግን ብርሃኑ በጣሪያው መስታወት እንደሚገባ ያውቃል። በመስኮቱ የሚገባው መንገዱ ነው።

ዕድሜዋን በዚህ ሙያ ስለጨረሰች ልጆችን በፊታቸው ሳይሆን በሱሪያቸው ነው የምታውቃቸው። «ድሮ ሱሪ የሚያልቀው ከታች ነበር፤» ትላለች ስፒል በከንፈሯ እንደያዘች። «ጫፉ በጭቃ ይበሰብሳል፣ ጉልበቱ ይቀደዳል። የዛሬው ከጉልበት በታች ገና ከሱቅ የወጣ ነው የሚመስለው፤ የሚያልቀው ከኋላ ነው። መኪና ውስጥ ይቀመጣል፣ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፣ ቤት ሲገባ ሶፋ ላይ ይቀመጣል። ይሄ ትውልድ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም። በምኑ እንደሚሄድ ግን ይኸው በእጄ ይዤዋለሁ።»

ከእሷ ጋር ልጇ፣ አማቿና የልጅ ልጇ ይኖራሉ። ልጇ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ «ከምግብ በኋላ፣ ሳታቋርጥ» ስትል ስለምትውል ቤትም ገብታ ሰውን የምታናግረው በትእዛዝ ነው። አማቿ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ሥራውም ቀዝቃዛ፣ ጠባዩም ቀዝቃዛ፣ ቀልዱ ብቻ ትኩስ። የልጅ ልጇ ደግሞ ጭምቷ ትባላለች። አፍ የላትም ማለት አይደለም፤ ግን ቃል ከማጀት እየተሰፈረ የሚሰጣት ይመስል እየቆጠበች ነው የምትናገረው። ከአያቷ ጋር ሲያዩዋት ሰዎች «ምን ዓይነት ፍርድ ነው፣ ለአንዷ ሁለት አፍ ለአንዷ ባዶ!» ይላሉ።

ደወል «እኛ እኮ…» ብላ ከጀመረች ቤቱ ሁሉ ጫማውን ያጠልቃል፤ ወደ ድሮው ትምህርት ቤት ጉዞ ሊጀመር ነውና። መንገዱ በየዓመቱ ይረዝማል። አንድ ቀን እራት ላይ አማቿ አላስችል ብሎት፣

«እናቴ፣ ባለፈው ሲነግሩን ወንዙ አንድ ብቻ ነበር፤» አላት።

«እና?»

«ዛሬ ሁለት ሆነብኝ።»

«ክረምት ነበራ! በክረምት ወንዝ አይወልድም?»

«ይወልዳል እንጂ፤» አለ ዳቦውን እየቆረሰ። «ዳገቱም መንታ እንደወለደ ዛሬ ገና ሰማሁ።»

እንግዲህ ልጆቹን ሁሉ ለወንዙ መልሰን፣ መንታውንም ዳገት አንድ አድርገን ስናየው እውነቱ ይሄ ነው። የደወል ቤት ከጥንት ጀምሮ የመንገዱ መጨረሻ ነው። ያኔ ከጎኑ የእንጨት መሰንጠቂያ ነበር፣ ዛሬ የመኪና ማጠቢያ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ያኔም ዛሬም ሰው የለም። ትምህርት ቤቱ በሌላው ጫፍ ነው። እሱም ያው ነው፤ ፎቅ ጨመረ፣ አጥር ጨመረ፣ ስም ቀየረ እንጂ ከቦታው አልተነቃነቀም። ደወል ያኔ ጫማ ነበራት። ሶሉ እንዳያልቅ እየተባለ ግን ጫማው ከእግሯ ይልቅ በብብቷ ብዙ መንገድ ሄዷል።

የመንገዱ ልጆች አንድ ደንብ ነበራቸው። ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ብቻውን መቀጣት የሰለቸው ልጅ ሳይሆን አይቀርም። የመጨረሻው ቤት ልጅ ቀድሞ ይነሳል። ሁለተኛው በር ላይ ቆሞ ይጣራል። የተጠራው ሳይወጣ አይኬድም። ከዚያ ሁለት ሆነው ወደሚቀጥለው በር፣ እንዲህ እንዲህ እያሉ እስከ ትምህርት ቤት። አንዱ ካረፈደ ሁሉም ያረፍዳል፤ ሁሉም ካረፈደ ሁሉም የትምህርት ቤቱ በር ላይ ይንበረከካል። ስለዚህ እንቅልፋም ልጅ ካለ የሚቀሰቅሰው እናቱ ብቻ አይደለችም፣ ውጭ የቆመው ሠራዊት ነው።

የመጨረሻው ቤት ልጅ ደወል ስለነበረች የመጣራቱ ሥራ የእሷ ሆነ። ሌላ ልጅ ቢሆን ስም ጠርቶ ይጠብቅ ነበር። እሷ ግን በር ላይ ስትቆም የምትሰጠው መግለጫ ነበር። «ዛሬም ካልሲ ጠፋ እንዴ? አንዱን የአባትህን አድርግና ና!» «እናትሽ ማታ የጮኸችው ለዚህ ነው? እኛ ቤት ድረስ ተሰማ እኮ!» አባወራው ሁሉ ገመናው አደባባይ ሳይውል በፊት ልጁን ገፍትሮ ያስወጣ ጀመር። ክፍል ውስጥ ከተማረችው ዛሬ የቀረላት ጥቂት ነው፤ ማካፈል እንኳ የምትችለው በጨርቅ ነው። መንገድ ላይ የተማረችው ግን አንዱም አልጠፋባትም። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን ቤት ቁርስ እንደሌለ፣ የማን አባት በየትኛው መስኮት እንደሚገባ።

ስለዚያ መንገድ ስታወራ የማታነሳት አንዲት ልጅ አለች። ከዳቦ ቤቱ አጠገብ ነበር ቤታቸው። አንድ ጠዋት ሲጠሯት አባቷ ወጣና «ከእንግዲህ እሷን አትጥሩ፣ ሥራ አላት» አለ። ልጆቹ ቆሙ። ቆመው አረፈዱ፣ አርፍደው ተንበረከኩ። በማግስቱም ጠሩ፣ ቆሙ፣ ተንበረከኩ። በሦስተኛው ቀን ያንን በር ዝም ብለው አለፉት። ከዚያ በኋላ ደወል ትምህርት እስክትጨርስ ድረስ ዳቦ ቤቱ ጋ ስትደርስ ወሬዋን ታቋርጥ ነበር ይባላል። ይሄን የነገረን ሌላ ሰው ነው።

የጭምቷ መንገድ ግን መንገድ ሊባልም አይችል። ጠዋት የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ በር ላይ ይቆማል፣ ክላክስ ያደርጋል፣ ትገባለች፣ በሩ ይዘጋል። ማታ በዚያው በር ትራገፋለች። አድራሻው በደንብ የተጻፈበት ፖስታ እንኳ እንዲህ አይመላለስም። አንድ ቀን አያቷ፣

«ለመሆኑ ከጎናችን ማን እንደሚኖር ታውቂያለሽ?» አለቻት።

ጭምቷ አሰበች። «‹ፓስወርድ አትጠይቁ›።»

«እሱ ደግሞ ማነው?»

«የዋይፋያቸው ስም ነው። ከእነሱ ቀጥሎ ‹ሌባ ጎረቤት› አለ። ማዶ ያሉት ደግሞ አሁን ‹ትልቁ አንበሳ› ሆነዋል።»

«ማዶ ያለው? ያ ሰውዬ?» ደወል ስፒሉን ልትውጠው ነበር። «ሚስቱ አልሰማችም ማለት ነው።»

ነገሩ እንዲህ እያለ፣ የፍሳሽ ቱቦ ሊቀበር ነው ተብሎ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ተቆፈረ። ቆፋሪዎቹ ቆፍረው ሄዱ፤ ቱቦው ግን ገና አልመጣም። ሰርቪሱ አንድ ጠዋት እስከ ጉድጓዱ አፍ መጥቶ ክላክስ አድርጎ ተመለሰ። ሹፌሩ ለወላጆች እየደወለ «መኪናዬ ክንፍ ስታበቅል እመለሳለሁ» አለ።

የደወል ልጅ መፍትሔ አላጣችም። የባሏ እህት ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ ልጅ የላትም፣ ትርፍ ክፍል አላት። «መንገዱ እስኪያልቅ ጭምቷ እዚያ ትሁን፤» አለች።

ደወል ስፒሉን ከከንፈሯ አወጣች። ይሄ ብቻውን ለቤቱ ዜና ነበር።

«ይሄ መንገድ እስኪያልቅ? እስከዚያ ልጅቷ ራሷ ልጅ ታደርሳለች!»

«እማዬ፣ አታጋኚ።»

«እኔ አጋንኜ አውቃለሁ?»

አማቿ የሳህኑን ጠርዝ በጥሞና ማየት ጀመረ።

ደወልን የጨነቃት መንገዱ አልነበረም። ባሏ ከሞተ ወዲህ በቀን ከእሷ ጋር የሚውል ሰው የለም። ከሰዓት በኋላ ጭምቷ ትመጣና ከጠረጴዛው ሥር ቁርጥራጩ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። መልስ አትሰጥም፤ ግን ደወል የምታወራው ለእሷ ነው። የሚሰማ ጆሮ ከሌለ ያ ሁሉ ወሬ የት ይደፋል? ደግሞም ፎቅ የለመደ ልጅ «እስኪያልቅ» ብሎ ሄዶ በጊዜው ሲመለስ አላየችም።

«እኔ በእግሬ አደርሳታለሁ፤» አለች።

«በየትኛው ጉልበትሽ?»

«በግራው። ቀኙ ያርፋል።»

ጭምቷም ተጠየቀች። «አክስቴ ቤት ሊፍት አለ፤» አለች። ትንሽ ቆየችና «እዚህ ደግሞ ቁርጥራጭ አለ፤» ብላ ጨመረች። በዚህ መሠረት ድምፅዋ ለሁለቱም ወገን ሳይቆጠር ቀረ።

በመጨረሻ እናቷ ነገሩን እንደ መድኃኒት ትእዛዝ አስቀመጠችው። «ይሄን ሳምንት ሞክሩት። ከትምህርት ቤት አንዲት የማርፈድ መልእክት ስልኬ ላይ ከገባች ግን ቅዳሜ ጓዟን ይዛ አክስቷ ጋ ትሄዳለች። አለቀ።»

«አለቀ፤» አለች ደወል።

ሰኞ ጠዋት አያትና የልጅ ልጅ የጉድጓዱን ዳር ዳር ይዘው ወጡ። ደወል ጉልበቷን በላስቲክ ጨርቅ ጠፍራለች። የመጀመሪያውን የብረት በር ሊያልፉ ሲሉ እግሯ ቀጥ አለ።

«ምነው እማማ? ጉልበትሽ ነው?»

«በር ነዋ! በር እንዴት ዝም ተብሎ ይታለፋል?»

በሩ ላይ ካሜራ አለ፣ የሚናገር ሳጥን አለ። ደወል ካሜራውን እንደ ሰው ዓይን ዓይኑን አየችውና ድምፅዋን ለቀቀችው። «የዚህ ቤት ልጅ! ትምህርት ቤት ነው፣ ውጣ!»

ፎቁ ላይ መጋረጃ ተንቀጠቀጠ። ሳጥኑ «ማን ልበል?» አለ።

«ደወል!»

«ደወሉ ከበሩ በስተቀኝ ነው፣ ይጫኑት።»

«እኔ ነኝ ደወሉ! ደግሞ ማንን ነው የምጫነው?»

የወጣችው ፀጉሯን በቢጎዲን የጠቀለለች ሴት ነበረች፤ ታች ዋናው መንገድ ላይ ፀጉር ቤት አላት። ከኋላዋ አንድ ዓይኑን ገና ያልከፈተ ልጅ ቆሟል። ይሄ ልጅ በሰርቪሱ ውስጥ እንቅልፋሙ ይባላል፤ ሁልጊዜ የመጨረሻው ተነሺ፣ ሁልጊዜ የመጀመሪያው አንቀላፊ።

«መኪናዬ እኮ ግቢ ውስጥ ታስራ ቀረች፤» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «እንዴት እንደማደርሰው ጨንቆኝ ነው ያደርኩት።»

«ስጪው።»

«ለማን?»

«ለእግሩ።»

በዚህ ዓይነት ተጀመረ። ሰርቪስ ያጡ ልጆች በየበሩ ነበሩና ሰልፉ በየቀኑ ረዘመ። እናቶች ስልካቸው ላይ «የእግረኞች እናቶች» የሚል ግሩፕ ከፈቱ። ደወል ግሩፕ ውስጥ የለችም፤ የእሷ ስልክ ከመደወልና ከመጮህ ሌላ ሙያ የለውም። ቢሆንም እዚያ የሚጻፈውን ሁሉ ትሰማለች፤ ስልኳን አስቀምጣ መጥታ ለእሷ የማትነግራት እናት አልተገኘችም።

ልጆቹ መጀመሪያ ሲሄዱ ወደ መሬት ብቻ ነበር የሚያዩት፤ እግራቸው እንዳያመልጣቸው የፈሩ ይመስላሉ። ቦርሳቸው ደግሞ ለጉድ ነው። ደወል የአንዷን ቦርሳ ለመቀበል ሞክራ ወገቧን ያዘች። «ምን ይዘሽ ነው? ትምህርት ቤቱን ራሱን?» ድሮ አንድ ደብተር ለሦስት ትምህርት ይበቃ ነበር፤ የድሮዎቹ ልጆች ቀለሉ ሲባል ግን እኩሎቹ ቁርስ ስላልበሉ ነው የቀለሉት። ይሄንንም አልደበቀችም። እነዚህኛዎቹ ጠግበዋል፣ ስለ ፕላኔቶች ያወራሉ፣ መኪና ሲመጣ ግን ወዴት መሸሽ እንዳለባቸው አያውቁም። በሁለተኛው ቀን አንዱ፣

«እማማ ደወል፣ ስልክ ሳይኖር እንዴት ነበር የምትጠራሩት?» አላት።

«እንዲህ!» ብላ አንድ ጊዜ ስትጣራ ጉድጓዱን የሚጠብቀው ዘበኛ ከነወንበሩ ወደ ኋላ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ተራ በተራ መጣራት አማራቸው። የጭምቷ ተራ ሲደርስ በሩ ላይ ቆማ እንደ መድኃኒት ቤት ደንበኛ «ውጪ፣» አለች በሹክሹክታ።

«በዚህ ድምፅሽ ድመት አትባንንም። ከሆድሽ አውጪው!»

«ሆዴ ውስጥ የለም።»

«አለ። የኔ ልጅ ልጅ ሆነሽ አይጠፋም፤ ምናልባት ከምግብ ሥር ተኝቶ ይሆናል።»

ሐሙስ ዕለት የእንቅልፋሙ በር አልተከፈተም። ደወል ተጣራች። ጸጥ። ሳጥኑን ተጫነች። ጸጥ። ፀጉር ሠሪዋ ለካ ማታ ሙሽራና የሙሽራ እህቶች ስትሠራ አምሽታ፣ ስልኳን አጥፍታ፣ እናትና ልጅ ተጠቅልለው ተኝተዋል። የቀሩት ልጆች በየበራቸው እየጠበቁ ነው። ጭምቷ የአያቷን ቀሚስ ጎተተች።

«እማማ፣ እንሂድ። መልእክቱ ይመጣል።»

ደወል መንገዱን አየች። ቀኝ እግሯ፣ ያ የሚያርፈው፣ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። ሁለተኛም ተከተለ። ከዚያ ቆመች፣ ዞረች፣ ወደ በሩ ተመለሰች።

«ሰው ሳይወጣ አይኬድም፤» አለች፤ ለጭምቷ ይሁን ለራሷ አይታወቅም። ቀጥሎ የለቀቀችውን ድምፅ ያን ዕለት መኪና ማጠቢያው ጋ የነበሩ ሰዎች ዛሬም ያነሱታል።

እንቅልፋሙ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ወጣ። ሮጡ። ከየበሩ የሚጠብቁትን እየለቃቀሙ፣ ደወልን ከኋላ ጥለው እየተመለሱ እየጎተቷት ሮጡ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ የበሩ ዘበኛ ዘግቶ ካርድ ማንበቢያውን ይዞ ቆሟል። ድሮ ያረፈደ ልጅ ይንበረከክ ነበር፤ ዛሬ ካርዱን ያስነካል፣ መሣሪያው ጢጥ ይላል፣ የሚንበረከከው ወላጁ ነው። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ እያሉ ገቡ። በከተማው ውስጥ በየመሥሪያ ቤቱ የእግረኞች እናቶች ስልክ ተራ በተራ ጮኸ፤ አንዱ መድኃኒት ቤት ውስጥ፣ የሳል ሽሮፕ ከሚመዘገብበት ጠረጴዛ ላይ።

ማታ ልጇ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ነው የገባችው።

«እማዬ።»

«አውቃለሁ።»

«ተነጋግረን ነበር።»

«ተነጋግረን ነበር።»

«ትተሽው ብትሄጂ ምን ነበረበት? የሰው ልጅ ነው!»

«አዎ፤» አለች ደወል፣ «የሰው ልጅ ነው።»

ልጇ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ትእዛዙን አስተላለፈች። ነገ ጭምቷን ራሷ ታደርሳታለች፤ ቅዳሜ ሻንጣዋ ይወጣል። ደንብ ነው ብሎ ያስረፈደ ሰው ደንብ ሲመጣበት ምን አፍ አለው? አማቿ እንኳ የሚቀልድበት ነገር አጥቶ ሄዶ ፍሪጁን ከፍቶ ቆመ፤ ያልተበላሸ ፍሪጅ።

ትንሽ ቆይታ ደወል ነጠላዋን አነሳች። «ፀጉር ሠሪዋ እኛ ቤት የረሳችውን የልጁን ሸሚዝ ቁልፍ ልመልስላት፤» ብላ ወጣች። ምን እንደተባለ አልሰማንም። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ነበሩ፤ ነገር ግን የሁለቱም ጭንቅላት ማድረቂያ ውስጥ ነበር፣ ማድረቂያው ደግሞ ይጮሃል። ለአንዲት ቁልፍ ያን ያህል መቆየቷን ብቻ ነው የሚመሰክሩት።

ዓርብ ጠዋት ጭምቷ ቦርሳዋን አዝላ እናቷን እየጠበቀች ነው። ደወል የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ትረግጣለች። ውጭ፣

«የዚህ ቤት ሰዎች! ትምህርት ቤት ነው፣ ውጡ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

እንቅልፋሙ ነበር። ፀጉሩ እርጥብ ነው፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ተከፍተዋል። ከኋላው ሰልፉ በሙሉ ቆሟል፤ ከየበራቸው ወደ ኋላ ተመልሰው እስከ መንገዱ መጨረሻ የመጡ ልጆች። የደወል ልጅ በሩን ከፈተች።

«ልጆች፣ ዛሬ እኔ ነኝ የምወስዳት። እናንተ ሂዱ።»

«እማማ ደወልስ?»

«እሷም ዛሬ አትወጣም።»

«እሺ። እንጠብቃታለን፤» አለ እንቅልፋሙ።

«አትወጣም አልኩህ እኮ!»

«ሰማሁ። ሰው ሳይወጣ አይኬድም።»

«ታረፍዳላችሁ!»

«አዎ፤» አለ በማርፈድ የቆየ ልምድ ባለው ሰው እርጋታ። «ሁላችንም።»

በጋውኗ ኪስ ውስጥ ስልኳ ተንቀጠቀጠ። አወጣችው። ግሩፑ ነው። «ልጆቹ ለምን ቆሙ?» ይላል አንዱ። «የማን ቤት ነው?» «የፋርማሲዋ።» «ውይ፣ ምን ሆነው ነው?» «ማታ ተጣልተው ይሆናል።» «ከባሏ ጋር?» ፍሪጅ ጠጋኙ ከትከሻዋ በላይ አነበበና «እኛ ተጣልተናል እንዴ?» አላት በቀስታ። «እስካሁን አልሰማሁም።»

የደወል ልጅ ወደ እናቷ ዞረች። «ይሄን አንቺ ነሽ ያደረግሽው።»

«እኔ? እኔ ሥራዬ ላይ ነኝ።»

መኪናው እየሄደ ነበር፤ መርፌው ላይ ግን ክር አልነበረም።

ጭምቷ አንዴ እናቷን፣ አንዴ አያቷን፣ አንዴ ውጭ የቆሙትን አየች። የትምህርት ቤቱ በር ሊዘጋ የቀረው ጊዜ እያጠረ ነው። ወደ በሩ ሄደች፣ አፏን ከፈተች፣ እና ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ድምፅ፣

«እየወጣን ነው!» አለ።

ደወል የሰቀለቻቸው ሸሚዞች በሚስማራቸው ላይ ተወዛወዙ ብሎ ፍሪጅ ጠጋኙ በኋላ ምሏል፤ እሱም በተራው ማጋነን ጀምሯል ማለት ነው። የዚያን ዕለት ግን ያለው «በቃ፣ በዘር ነው» ብቻ ነበር።

የጭምቷ እናት ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች። «ውጡ! ሁላችሁም ውጡልኝ!»

ደወል ከመኪናዋ ተነሳች። ጫማዋን ቀድማ አጥልቃ፣ ጉልበቷንም ቀድማ ጠፍራ ነበር።

በሩ ሊዘጋ ሲል ደረሱ። የማንም ስልክ አልጮኸም። ቅዳሜ አክስትየዋ ክፍሉን አዘጋጅታ ስትደውል የደወል ልጅ «ፈተና ደርሶባት ነው» አለቻት። ፈተና አልነበረም። ይሄ ቤት ውሸት የሚዋሸው በቁምነገር ነው።

ከዚህ በኋላ የሰፈሩ ልጆች በእግራቸው ሲመላለሱ ኖሩ የሚል ካለ ወሬ ጨምሯል። ቱቦው በስተመጨረሻ መጣ፣ መንገዱ ተደፈነ፣ በመጀመሪያው ዝናብ ሰልፉ በሙሉ ሰርቪስ ውስጥ ገባ። ደወልም አላዘነችም፤ ጉልበቷ እንደ ዳቦ አብጦ ነበር። የሱሪ ጥገናም እንደገና ከኋላ ሆነ።

አንድ ጠዋት ግን ስትሰፋ ሰርቪሱ ባዶውን ተመልሶ መጥቶ መስኮቷ ሥር ቆመ። ሹፌሩ አንገቱን አወጣ።

«እማማ፣ እባክዎን የልጅ ልጅዎን ይምከሩልኝ።»

«ምን አጠፋች?»

«እሷን ከዚህ አነሳታለሁ አይደል? ከዚያ የፀጉር ቤቷ ልጅ በር ላይ ስደርስ የመኪናውን በር ይዛ አላስዘጋም ትላለች። ‹ሰው ሳይወጣ አይኬድም› ነው የምትለኝ። ክላክስ ሳደርግ ‹ክላክስ ስም አይጠራም› ብላ ራሷ ወርዳ ትጮሃለች። ኧረ እማማ፣ ጆሮዬ! ሌሎቹም ለምደው አንድ ላይ ነው የሚጮሁት። ዛሬ በእሱ ምክንያት ሁላችንም አረፈድን።»

ደወል መኪናዋን አቆመች። ስፒሉን ከከንፈሯ አወጣች። መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

«ዛሬም አረፈደ? ምነው? ማታ እነሱ ቤት ምን ተፈጥሮ ነው?»

ሹፌሩ ግራና ቀኙን አየና ሞተሩን አጠፋ።